ኮሶውን የሚጠጣው ማን ነው?

ውድ አንባቢዬ፥ ስለ ኑሮ ውድነት ሳንነጋገር የዋልንበት ቀን የትኛው ነው? እሑድ ከአምልኮ በኋላ በግቢው ቆመን ሰላምታ ስንለዋወጥ እንኳ፥ «እንደምን ሰነበታችሁ?» ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣው የጤፍና የዘይት ወሬ ነው። ወሬውም አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው «መንግሥት አንድ ነገር ቢያደርግ ምናለበት!» በሚል ነው። ዛሬ ከእናንተ ጋር ልነጋገር የፈለግሁት ስለዚያ «አንድ ነገር» ነው። ለመሆኑ ያ አንድ ነገር ምንድን ነው? ሲደረግ ማን ይጠቀማል? ማንስ ይከፍልበታል?

አስቀድሜ ልንገራችሁ፥ የኢኮኖሚ ባለሙያ አይደለሁም። የተማርኩት በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ነው፤ ባለቤቴ መጋቢ ነው፤ በቤታችን ደመወዙ ሲመጣ ለየወጪው የምደለድለው እኔ ነኝ። ወደዚህ ጉዳይ የሳበኝ ግን የራሴ ጓዳ ብቻ አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን የችግረኞች መርጃ ኮሚቴ ውስጥ ለዓመታት አገልግያለሁ። ወደ እኛ የሚመጡት ሰዎች ቀደም ሲል በሁለት ወገን የሚከፈሉ ነበሩ። አንዳንዶቹ ገቢ አላቸው፥ ነገር ግን ገቢያቸው ከገበያው ጋር መራመድ አልቻለም፤ ጡረተኞች፣ መምህራን፣ የጥበቃ ሠራተኞች ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ ጭራሹን ሥራ የላቸውም፤ አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። እየቆየ ግን ሁለቱ ችግሮች ከአንድ ቤት ተያይዘው መምጣት ጀመሩ። «ይህ ነገር ሌላ አገር ደርሶ ያውቅ ይሆን? ደርሶ ከሆነስ ምን አደረጉ?» ብዬ ማንበብ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። ያነበብኩትን እንደ ገባኝ ላካፍላችሁ። የውጭ አገሮችን ዘመን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የአገራችንን ግን በእኛው ዓመተ ምሕረት ነው።

እናትና ልጅ

አንዲት እናት አሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ የሚተዳደሩት በጡረታ ነው። ጡረታው በየወሩ ያው ነው፤ የሚገዛው ነገር ግን በየወሩ ያንሳል። አብሯቸው የሚኖረው ልጃቸው ግንበኛ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጁ የሚሠራበት ሕንፃ ግማሽ ላይ ቆመ። ባለቤቱ የባንክ ብድር አላገኘም፥ ወለዱም ከብዶታል ተባለና ሠራተኞቹ ተበተኑ።

አንድ ቀን ልንጠይቃቸው ሄደን ቡና ተፈልቶ ሳለ፥ በሬዲዮ ስለ ዋጋ ንረት ዜና ተነገረ። የብድር መጥበቅ የዋጋውን ሩጫ እያረገበው ነው ይላል ተናጋሪው። እናቲቱ፥ «ተመስገን! እንግዲህ ትንሽ ፋታ እናገኛለን» አሉ። ልጁ ወደ እኔ ዞር ብሎ ፈገግ አለና፥ «እትዬ፥ የእማዬ ጤፍ እንዳይወደድ እኔ ሥራ ፈታሁ ማለት ነው» አለኝ። እናቱ «ተው አንተ፥ ምን ዓይነት ንግግር ነው!» ብለው ተቆጡት። እኔ ግን የምመልስለት አጣሁ።

ወንድሞችና እህቶች፥ ያ ወጣት በቀልድ የተናገረው፥ ሊቃውንቱ ለብዙ ዓመታት የተከራከሩበትን ጉዳይ ነው። ለእናቱ መድኃኒት የሆነው ለእርሱ እንጀራውን የነጠቀው ነበር። በእኛ አገር ልማድ ኮሶ የሚጠጣው ኮሶ ያለበት ሰው ነው። በአገር ኢኮኖሚ ላይ ግን ታማሚው ሌላ፥ ኮሶውን የሚጠጣው ሌላ ሊሆን ይችላል። እስቲ ይህን እንዴት እንደሚሆን እንመልከት።

በሽታው ምንድን ነው?

በ1958 ዓ.ም. (ይህ እንግዲህ እንደ አውሮፓውያን ነው) ፊሊፕስ የተባለ፥ ኒውዚላንድ ተወልዶ ለንደን ያስተምር የነበረ ምሁር አንድ ጥናት አሳተመ። ከ1861 እስከ 1957 ድረስ በብሪታንያ የነበረውን ደመወዝና ሥራ አጥነት ጎን ለጎን አስቀምጦ ተመለከተ። ሥራ አጥ ሲበዛ ደመወዝ ቀስ ይላል፤ ሥራ አጥ ሲያንስ ደመወዝ ይፈጥናል። ከዚህ ተነሥተው ብዙዎች ዋጋ ንረትና ሥራ አጥነት እንደ ሚዛን ሁለት ሳህኖች ናቸው፥ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል ብለው አመኑ። ይህ ለባለ ሥልጣናት ምቹ ትምህርት ነበር። ሥራ ከጠፋ ገንዘቡን ለቀቅ ማድረግ፤ ዋጋ ከናረ ገንዘቡን ጠበቅ ማድረግ ነው።

ይሁን እንጂ በ1960ዎቹ መጨረሻ ሚልተን ፍሪድማንና ኤድመንድ ፌልፕስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት፥ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ማስጠንቀቂያ ሰጡ። «ሰው ሞኝ አይደለም፤ ዋጋ እንደሚጨምር ከለመደ አስቀድሞ ይዘጋጃል» የሚል ነው የነገሩ ፍሬ። ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የሰፈራችሁን ባለ ሱቅ «ትናንት በዚህ ዋጋ አልነበረም ወይ?» ብትሉት፥ «ነገ በስንት እንደማመጣው ምን አውቃለሁ?» ይላችኋል። እየሸጠላችሁ ያለው በትናንቱ ዋጋ የገዛውን ነው፤ የሚያስከፍላችሁ ግን የነገውን ነው። ሠራተኛውም እንዲሁ ነገን አስቦ ጭማሪ ይጠይቃል፤ አሠሪው ጭማሪውን በዕቃው ላይ ይጭነዋል። ፍርሃቱ ራሱ ዋጋውን ያንረዋል። እንዲህ ሲሆን ሥራ ሳይጨምር ዋጋ ብቻ ይጨምራል።

በዚህ ላይ ሌላ ዱብ ዕዳ መጣ። በጥቅምት 1973 በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ሳቢያ የዓረብ አገሮች ለአሜሪካና ለአንዳንድ አገሮች ነዳጅ እንዳይሸጥ ከለከሉ። በርሜሉ ሦስት ዶላር ገደማ የነበረው ነዳጅ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ላይ ወደ 12 ዶላር ወጣ። ነዳጅ ሲወደድ ማጓጓዣው፣ ማዳበሪያው፣ ፋብሪካው ሁሉ ይወደዳል። ፋብሪካው ወጪው ሲበዛበት ሠራተኛ ይቀንሳል። ስለዚህ ዋጋውም ሥራ አጥነቱም አንድ ላይ ወጡ።

ይህ ጦስ እኛም ዘንድ ደርሷል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙት በነዳጅ ዋጋ መጨመር ምክንያት ነበር። መንግሥት ዋጋውን መልሶ ቀነስ ቢያደርግም፥ የመምህራኑና የወታደሩ ጥያቄ፣ የወሎም ረኃብ ተደራርበው ዘመኑን እንደ ለወጡት ታላላቆቻችን ያስታውሱታል።

ኢኮኖሚው ቆሞ ዋጋው ሲሮጥ ሊቃውንቱ «ስታግፍሌሽን» ይሉታል። ቃሉን በ1965 በብሪታንያ ፓርላማ የተናገረው ኢየን ማክላውድ የተባለ የምክር ቤት አባል ነው። ሕክምናው ለምን እንደሚያስቸግር አሁን ሳይገባችሁ አይቀርም። ለሥራ ብሎ ገንዘብ ቢለቀቅ ዋጋው ይብሳል፤ ለዋጋው ተብሎ ገንዘብ ቢጠብቅ ሥራ አጥነቱ ይብሳል። በአንድ ቤት ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ሰው ሲኖር፥ ለአንዱ የታዘዘው ለሌላው እንዳይሆን ሐኪሙ እንደሚጨነቅ ማለት ነው።

አሜሪካ የሞከረቻቸው ሦስት መድኃኒቶች

የመጀመሪያው በትእዛዝ ማቆም ነበር። ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ነሐሴ 15 ቀን 1971 በቴሌቪዥን ቀርበው ዋጋና ደመወዝ ለ90 ቀን ባለበት እንዲቆም አዘዙ። ሕዝቡ ደስ አለው። በሚቀጥለው ዓመት ምርጫ ስለ ነበር ገንዘቡም ለቀቅ ተደረገ፤ ኒክሰንም አሸነፉ። ነገር ግን ዋጋን በትእዛዝ ማቆም፥ ክዳኑን ተጭኖ ከሥር እሳት መጨመር ነው። በሰኔ 1973 ለሁለተኛ ጊዜ ዋጋ ሲታገድ፥ የዶሮው ዋጋ ቆሞ የመኖው ዋጋ ግን መውጣቱን ቀጠለ። አርቢዎቹ ጫጩቶቹን ቢያሳድጉ ኪሳራ ስለ ሆነባቸው በሺህ የሚቆጠሩ ጫጩቶችን ውኃ ውስጥ እየደፈቁ ገደሉ። የበሬ ሥጋም ከመደብሮች ጠፋ። በሚያዝያ 1974 ቁጥጥሩ ሲያበቃ ታፍኖ የቆየው ዋጋ ፈነዳ፤ የዚያ ዓመት የዋጋ ንረት አማካይ 11 በመቶ ያህል ሆነ።

ሁለተኛው ምክር ነበር። ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ በጥቅምት 1974 «የዋጋ ንረትን አሁኑኑ እናሸንፍ» የሚል ዘመቻ አወጁ። ሕዝቡ እንዲቆጥብ፣ ምግብ እንዳያባክን፣ በጓሮው አትክልት እንዲተክል ጠየቁ፤ ደረት ላይ የሚለጠፍ ምልክትም ታደለ። መቆጠብና አትክልት መትከል መልካም ነገር ነው፤ እኔም በጓሮዬ ጎመን አለኝ። ግን ጎመን የነዳጅን ዋጋ አያወርድም። ዘመቻው መሳቂያ ሆኖ ቀረ። ሥራ አጥነቱ እየጨመረ ስለ ሄደ መንግሥት ፊቱን ወደ ግብር ቅነሳ አዞረ፤ በግንቦት 1975 ሥራ አጥነቱ 9 በመቶ ደርሶ ነበር።

እንዲህ እየተባለ አሥር ዓመት ሊሞላ ሆነ። ከ1970 እስከ 1978 የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ሊቀ መንበር የነበሩት አርተር በርንስ ሥልጣን ከለቀቁ በኋላ በ1979 አንድ ንግግር አደረጉ፤ ርእሱም «የማዕከላዊ ባንክ ጭንቀት» የሚል ትርጉም አለው። ባንኩ ንረቱን ሊያስቆም የሚችል ኃይል እንደ ነበረው፥ ነገር ግን የዘመኑ አስተሳሰብና ፖለቲካ እንዳሰረው ገለጹ። በዚያው ዓመት የኢራን አብዮት ነዳጁን እንደ ገና ሰማይ አወጣው።

ሦስተኛው መድኃኒት የመጣው ያን ጊዜ ነው። በነሐሴ 1979 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ፖል ቮልከርን የባንኩ ሊቀ መንበር አድርገው ሾሙ። ቮልከር የገንዘቡን ቧንቧ አጠበቁ፤ ባንኮች እርስ በርሳቸው የሚበዳደሩበት ወለድ ወደ 20 በመቶ ተጠጋ። በ1981 ቤት ለመግዛት የሚበደር ሰው ከ18 በመቶ በላይ ወለድ ይጠየቅ ነበር። ታዲያ በ18 በመቶ ማን ቤት ይሠራል? ማን መኪና ይገዛል? ግንባታ ቆመ፤ የብረትና የመኪና ፋብሪካዎች ሠራተኛ አሰናበቱ። የቤት ሠሪዎች ማኅበርተኞች «ወለዱን ቀንሱልን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቁራጭ እንጨት በፖስታ ለቮልከር ይልኩ ነበር፤ ገበሬዎች በትራክተር መጥተው የባንኩን ሕንፃ ከበቡ።

በ1982 መጨረሻ ሥራ አጥነቱ 10.8 በመቶ ደረሰ፤ ይህም ወደ 12 ሚሊዮን ሰው ነው። የመኪና ፋብሪካዎች ባሉበት በሚሺጋን ክፍለ ግዛት ከ15 በመቶ በላይ ነበር። በሌላ በኩል በ1980 በአማካይ 13.5 በመቶ የነበረው የዋጋ ንረት በ1983 ወደ 3.2 በመቶ ወረደ። ከዚያ በኋላ ኢኮኖሚው ተነሣ። እርግጥ ሁሉንም ቮልከር ብቻቸውን አልሠሩትም። የነዳጅ ዋጋ እየቀነሰ ሄዷል፤ በካርተር ዘመን በ1978 የአየር መንገዶች፥ በ1980 ደግሞ የጭነት መኪናዎች ንግድ ከብዙ ቁጥጥር ተላቅቆ ውድድር ገብቶበታል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ሠርቷል ልንል እንችላለን። ነገር ግን ማን ጠጣው? ንረቱ ሲበርድ የተጠቀመው አገሩ ሁሉ ነው። ኮሶውን የጠጣው ግን ግንበኛው፣ የብረት ሠራተኛው፣ ባለ ዕዳው ገበሬ ነው። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ደግሞ ተመልሰው አልተከፈቱም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ አሜሪካ ከ1935 ጀምሮ ሥራውን ያጣ ሠራተኛ ለተወሰነ ጊዜ በየሳምንቱ ክፍያ የሚያገኝበት የሥራ አጥ መድን ነበራት። ክፍያው ሥራውን አልመለሰለትም፤ የዚያን ወር ኪራይና ዳቦ ግን ረድቶታል።

ተካፍለው ሲጠጡ

ሌላም አገር አለ። ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በሱዳን በኩል በዘመቻ ሙሴ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን የደረሱት በምን ዓይነት ጊዜ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ? የአገሩ ዋጋ በዓመት ውስጥ ከ400 በመቶ በላይ በጨመረበት ጊዜ ነው። ኢኮኖሚውም ለዓመታት ተኝቶ ነበር።

በሐምሌ 1985 በሺሞን ፔሬስ የሚመራው የአንድነት መንግሥት ዕቅድ አወጣ። እዚያም ዋጋና ደመወዝ ለጊዜው እንዲቆም ተደርጓል። ታዲያ ከኒክሰን በምን ተለየ? መንግሥት በመጀመሪያ የራሱን ጉድለት ቆረጠ፤ ድጎማም ቀነሰ። ማዕከላዊ ባንኩ ለመንግሥት ጉድለት ገንዘብ እንዳያትም በሕግ ተከለከለ። የገንዘቡ ምንዛሪ ዝቅ ከተደረገ በኋላ እንዲረጋ ተደረገ። ሂስታድሩት የተባለው ትልቁ የሠራተኞች ማኅበርና አሠሪዎች ከመንግሥት ጋር ተደራድረው ተስማሙ። አሜሪካም 1.5 ቢሊዮን ዶላር ተጨማሪ እርዳታ ሰጠች። ቁስል ሳይታጠብ መሸፈንና ታጥቦ መሸፈን አንድ አይደለም። ኒክሰን ሳያጥቡ ሸፈኑ፤ እነዚህ አጥበው ሸፈኑ።

በ1986 ንረቱ ወደ 20 በመቶ ወረደ። ሥራ አጥነቱ ትንሽ ከፍ ቢልም እንደ አሜሪካው አልሆነም። በነፃ የተገኘ ግን አይደለም፤ የሠራተኛው ደመወዝ የመግዛት አቅም ለጊዜው ቀንሷል፥ በከባዱ ወለድ ምክንያትም ዕዳ የነበረባቸው የገበሬ ማኅበራትና ድርጅቶች ተጎድተዋል። ያም ሆኖ ኮሶው በብዙ ጽዋ ተቀዳ። መንግሥትም፣ ሠራተኛውም፣ ነጋዴውም የየድርሻውን ጠጣ። ተስማምተው ስለ ጀመሩ ነገ ዋጋ ይጨምራል የሚለው ፍርሃትም ቀነሰ። ያ የባለ ሱቁ «ነገ በስንት እንደማመጣው ምን አውቃለሁ?» መልስ አገኘ ማለት ነው።

በእኛ ቤትስ?

እኛም አገር ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ተሞክረዋል። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት ስኳርና ዘይትን ጨምሮ በበርካታ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ። በጊዜው ቤት ታስተዳድሩ የነበራችሁ እህቶች ታስታውሳላችሁ፤ ዋጋው በወረቀት ላይ ነበር፥ ዕቃው ግን ከመደርደሪያው ጠፋ። ከወራት በኋላ በአብዛኞቹ ሸቀጦች ላይ ጣሪያው ተነሣ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ንረቱ ወደ 40 በመቶ ደርሶ ነበር።

ቆይቶም በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሆነ። ጦርነቱ፣ ድርቁ፣ የዓለም የእህልና የነዳጅ ዋጋ፣ እንዲሁም የበጀት ጉድለትን ለመሙላት የሚለቀቀው ገንዘብ ተደማምረው ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ወሰነ፤ ለመንግሥት የሚሰጠውን ቀጥተኛ ብድርም መገደብ ጀመረ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ 15 በመቶ የሆነ የፖሊሲ ወለድ አወጀ። በዚያው ወር በ22ኛው ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ነዳጅና ማዳበሪያን ለመሳሰሉት ድጎማ እንደሚደረግ፥ ለመንግሥት ሠራተኞችም ደመወዝ እንደሚጨመር ተነገረ፤ ጭማሪውም በ2017 ዓ.ም. ተጀመረ።

እነዚህ እርምጃዎች ትክክል ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለውን ክርክር ለባለሙያዎቹ እተወዋለሁ። እንደ ኮሚቴ አገልጋይ ያየሁትን ግን ልንገራችሁ። የደመወዝ ጭማሪ ደመወዝ ለሌለው አይደርስም። የነዳጅ ድጎማ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ብዙ ነዳጅ ለሚቀዳው ነው። የብድር መጥበቅም ቶሎ የሚሰማው ዳር ላይ ላለው፥ ለቀን ሠራተኛውና ለትንሹ ነጋዴ ነው። በገጠር ከ1997 ዓ.ም.፥ በከተሞችም ከ2009 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሴፍቲኔት ፕሮግራም ለብዙ ድኾች ደርሷል። ለዚያ ለግንበኛው ወጣት ግን በየሳምንቱ የሚከፍለው የሥራ አጥ መድን አልነበረውም፤ የቀን ሠራተኛ ስለ ነበር የስንብት ክፍያም አላገኘም። መድናቸው የእናቱ ጡረታ ነበር። ያም ጡረታ በዋጋ ንረት ከላይ እየተሸረሸረ፥ በልጁ ሥራ ማጣት ከታች ለሁለት ይከፈል ነበር።

ዜናውን ስንሰማ

ስለዚህ ውድ አንባቢዬ፥ ከእንግዲህ «መንግሥት አንድ ነገር ያድርግ» ከማለታችን በፊት፥ ሲያደርግም ከማጨብጨባችን ወይም ከመራገማችን በፊት፥ አራት ነገሮችን እንድንጠይቅ እመክራለሁ።

አንደኛ፥ ይህ እርምጃ የዋጋውን ምክንያት ይነካል ወይስ ዋጋውን ብቻ ይሸፍናል? ምክንያቱ የገንዘብ መብዛት ከሆነ ማጥበቅ ይረዳል። ምክንያቱ እህሉ ከማሳው ገበያ አለመድረሱ ከሆነ ግን ወለድ መጨመር መንገድ አይከፍትም፤ መንገዱን፣ ሰላሙን፣ ማዳበሪያውን ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፥ መጀመሪያ የሚከፍለው ማን ነው? በአሜሪካ ግንበኛው፥ በእስራኤል ሁሉም በየድርሻው ከፍሏል። የከፋዩን ስም ያልጠራ ፖሊሲ ዋጋው ተሰውሯል እንጂ ነፃ አይደለም።

ሦስተኛ፥ ለከፋዩ ምን ተዘጋጅቶለታል? የአገሩን ሁሉ ኮሶ አንድ ሰው ከጠጣ፥ ቢያንስ አገሩ ማርከሻውን ሊያቀርብለት ይገባል።

አራተኛ፥ ቢዘገይስ? አሜሪካ አሥር ዓመት ያህል ከመራራው ብትሸሽ፥ በመጨረሻ የጠጣችው የበለጠ መራራ ሆነ። ሕመሙን የፈራ መንግሥትም፥ ሕመሙን መስማት ያልፈለገ ሕዝብም አብረው ነው ያዘገዩት።

ከእኛ ከቤተሰቦችና ከምእመናን የሚጠበቅም አለ። ፖሊሲ ማውጣት የእኛ ሥራ አይደለም፤ የፖሊሲው ጠባሳ የሚያርፈው ግን በእኛ ግቢ ነው። ዘይት ሊወደድ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ከሚበቃን በላይ ገዝተን አናከማች፤ ያ የነገ ፍርሃት በእኛ እጅ ዋጋ የሚጨምረው እንደዚህ ነው። ከአንባቢዎቻችን መካከል ሠራተኛ የምታስተዳድሩ ካላችሁ፥ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሦስቱን አሰናብቶ አምስቱን ከማስቀረት ስምንቱን በአጠረ ሰዓት ማቆየት ይቻል እንደ ሆነ አስቡበት። ቢከብድም ኮሶው በስምንት ጽዋ ይቀዳል።

የመርጃ ኮሚቴ ያላችሁ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ሁለቱን ችግሮች ለይታችሁ ተመልከቱ። ዋጋ ለጎዳው ጡረተኛ የሚረዳው እህል ነው። ሥራ ላጣው ወጣት ግን አንድ ኩንታል ጤፍ ብቻ መስጠት አይበቃም። እኛ እየቆየን የተማርነው፥ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሥራ ለመፈለጊያ የታክሲ ገንዘብ፣ የተሸጠ የሥራ መሣሪያውን መልሶ መግዣ፣ ከምእመናኑ መካከል ቤት የሚያሠራ ወይም የሚያድስ ሰው ካለ ማገናኘት የተሻለ እንደሚረዳው ነው። ቦዔዝ በማሳው ለሩት ነዶ ሲያስቀርላት፥ ሠርታ የምትሰበስበው እንዲሆን አድርጎ ነው ያስቀረላት። የሠራተኛ ክብሯ አልተነካም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥራ ያጣውን ሰው «ሰነፍ» አንበለው። ብድር ሲጠብቅ የቆመው ሕንፃ በእርሱ ስንፍና አልቆመም። የእኛ ጤፍ ቀስ ያለው በከፊልም ቢሆን እርሱ ቤት ስለ ዋለ ሊሆን ይችላል። ባለ ዕዳዎቹ ነን ማለት ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ደግሞ ባለ ገንዘቡን በመንገድ ሲያገኘው ፊቱን አያዞርበትም፤ ቆሞ «እንዴት ነህ? ምን አገኘህ?» ይለዋል። በሚመጣው እሑድ በግቢው ስንቆም ስለ ጤፍ ከምናወራው ጋር፥ ሥራ ፈትቶ ከአጥር ጥግ የቆመውን ልጅ ጠርተን እንጠይቀው።

ጌታ ቤታችሁንና ሥራችሁን ይባርክ።